«ተዛውሮ ለመሥራት ፈቃደኛ የሆነ» ሲባል የሚጠየቀው ማን ነው?

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በጋዜጣችሁ የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያ ገጾች ላይ፣ ከትምህርት ደረጃና ከሥራ ልምድ ቀጥሎ፣ ብዙ ጊዜ አንዲት አጭር መስመር ትገኛለች፤ «ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሮ ለመሥራት ፈቃደኛ የሆነ/ች» የምትል። ከሦስት ዓመት በፊት እኔም ይህችኑ መስመር አንብቤ፣ ፈቃደኛነቴን በፊርማዬ አረጋግጬ፣ የ6 ዓመት ሴት ልጄን፣ የ13 ወር ወንድ ልጄንና ባለቤቴን ይዤ አንድም ዘመድ ወደሌለን ከተማ ተዛውሬያለሁ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍልዎ ያስገደደኝ ነገር ቢኖር፣ መስመሯ የምትጠይቀው የአንድ ሰው ፈቃድ ሆኖ ሳለ ጓዙን ጠቅልሎ የሚነሣው ግን ቤተሰብ በሙሉ መሆኑ ነው። ቀጣሪዎችም ሆኑ ለሥራ የሚዛወሩ ወላጆች፣ ውሉ ከመፈረሙ በፊት ስሙ በውሉ ላይ የሌለውን ሁለተኛ ጎልማሳና ገና አፉን ያልፈታውን ሕፃን ጭምር በጥያቄው ውስጥ ሊያስገቡ ይገባል ብዬ አምናለሁ።

የሥራው ደብዳቤ ሲደርሰኝ መልስ እንድሰጥ የተፈቀደልኝ 7 ቀን ነበር። የሥራ ደረጃው ከነበርኩበት ከፍ ያለ፣ ደመወዙም የተሻለ፣ ለዓመታት ስመኘው የኖርኩት ዕድገት ነበር። ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ደብዳቤውን ለባለቤቴ ሳነብለት ጥቂት ዝም ካለ በኋላ «አንቺ ካመንሽበት እንሄዳለን» አለኝ። ይህን ቃል እንደ ሙሉ ፈቃድ ቆጠርኩት። ባለቤቴ በዚያን ጊዜ ለ9 ዓመታት ያስተማረበት ትምህርት ቤት ነበረው፤ በመንገድ ሲያልፍ «መምህር» እያሉ የሚያቆሙት የቀድሞ ተማሪዎችና ወላጆች ነበሩት። እኔ በዚያ ሳምንት ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ዕቃ ማጓጓዣና ስለ ልጃችን ትምህርት ቤት ያልጠየቅሁት ሰው አልነበረም፤ «አንተስ እዚያ ምን እየሠራህ ትውላለህ?» ብዬ ግን ባለቤቴን አንድ ጊዜ እንኳን አልጠየቅሁትም። ብጠይቀው ኖሮ መሄዳችን ላይቀር ይችል ነበር፤ አካሄዳችን ግን ሌላ ይሆን እንደነበር አልጠራጠርም።

የምጣኔ ሀብት ተመራማሪው ጄኮብ ሚንሰር እ.ኤ.አ. በ1978 ስለ ቤተሰብ ዝውውር ባሳተመው ጥናት ይህንኑ ነገር ቁልጭ አድርጎ አስቀምጦታል። እንደ እሱ አገላለጽ፣ ቤተሰብ የሚዛወረው የአባላቱ ትርፍና ኪሳራ ተደምሮ ወደ ትርፉ ሲያደላ ነው፤ ይሁን እንጂ ድምሩ ትርፍ ስላሳየ ከባልና ሚስት እያንዳንዳቸው አትርፈዋል ማለት አይደለም። ብቻውን ቢሆን ኖሮ ፈጽሞ ወደማይሄድበት ቦታ ለትዳሩ ሲል የሚሄድ አለ፤ ብቻውን ቢሆን ይሄድ የነበረና ለትዳሩ ሲል የሚቀርም አለ። ሚንሰር ለሁለቱም ስም ሰጥቷቸዋል፤ የፊተኛው በትዳሩ ታስሮ የሚሄድ፣ የኋለኛው ታስሮ የሚቀር ነው። ሚንሰር በጻፈበት ዘመን ታስረው የሚሄዱት በአብዛኛው ሚስቶች ነበሩ፤ በእኛ ቤት ግን ዕጣው የደረሰው ለባል ነው። ለማን እንደሚደርስ መናገር ባይቻልም፣ ለአንዱ መድረሱ እንደማይቀር አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል። ስለዚህም ነው ጥያቄው ከፊርማው መቅደም ያለበት።

የተዛወርን ሰሞን ልጃችንን ለማስመዝገብ ከባለቤቴ ጋር ወደ አዲሱ ትምህርት ቤት ሄድን። ቅጹን ይሞላ የነበረው እሱ ነው። ስሟን፣ ዕድሜዋን፣ አድራሻችንን በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፉ እየጻፈ ወርዶ «የአባት ሥራ» ከሚለው መስመር ላይ ሲደርስ እስክሪብቶው ቆመ። ቀና ብሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የክፍለ ጊዜ ድልድል ለረጅም ጊዜ ተመለከተ፤ ከዚያም መስመሩን ባዶውን ትቶ ወደሚቀጥለው አለፈ። መዝጋቢዋ ቅጹን ስትቀበል ባዶውን ቦታ በጣቷ እያመለከተች «ይህችን ረስተዋታል» አለችው። ቅጹን ተቀብሎ «መምህር» ብሎ ጻፈ፤ ከአጠገቡም በቅንፍ «የነበረ» የሚል ጨመረበት። ወደ ቤት ስንመለስ ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቃል አልተነጋገርንም። እኔ ግን ያቺን በቅንፍ ውስጥ የገባች ቃል እስከ ዛሬ ልረሳት አልቻልኩም።

ሂሳቡንም ቢሆን አበላሽተን ነበር ያሰላነው። የእኔ ደመወዝ ከቀድሞው በሩብ ያህል ጨመረ ብለን ስንደሰት፣ የእሱ ደመወዝ ከነአካቴው እንደሚቀር እያወቅን «ለጥቂት ወር ነው» ብለን አለፍነው። ጥቂት የተባለው ወር 14 ወር ሆነ። የዘገየበት ምክንያት ደግሞ ስንፍና ወይም የሥራ መጥፋት ብቻ አልነበረም። በቀድሞው ከተማ ትንሹን ልጅ ባለቤቴ ከትምህርት ቤት እስኪመለስ ትይዝልን የነበረችው እናቴ ነበረች፤ የእሷ ድካም በገንዘብ ተተምኖ ስለማያውቅ ከሂሳባችን ውስጥ አልገባም። አዲሱ ከተማ ላይ ሥራ ለመፈለግ ልጁን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል፤ ሰው ለመቅጠር ደግሞ ገና ያልተገኘው ሥራ ደመወዝ ያስፈልጋል። ባለቤቴ በዚህ አዙሪት ውስጥ ልጁን አቅፎ ማመልከቻ ሲጽፍ፣ ፈተና ሲጠራ የሚተውበት አጥቶ ሲቀር አይቻለሁ። በዚያ ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ወጪ እጥፍ ነው፤ የቀድሞው ቤት ኪራይ እስከ ወሩ መጨረሻ ይከፈላል፣ የአዲሱ ቅድመ ክፍያ ይጠየቃል፣ በመንገድ የተሰበረው ይተካል፣ ለቀድሞው ቤት ተለክቶ የተሠራው መጋረጃና ቁም ሣጥን ለአዲሱ አይሆንም። መሥሪያ ቤቴ የሸፈነው የዕቃ ማጓጓዣውን ብቻ ነበር። ለዚያም አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን ከወጪዎቹ ሁሉ ትንሹ እሱ ነበር።

ከገንዘቡ ይልቅ የከበደን ለውጡ ሁሉ ባንድ ጊዜ መምጣቱ ነው። ቶማስ ሆምስና ሪቻርድ ሬይ የተባሉ አሜሪካውያን የአእምሮ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1967 በሰው ሕይወት ላይ ጫና የሚያሳድሩ 43 ክስተቶችን ዘርዝረው ለእያንዳንዱ ነጥብ ሰጥተዋል። የትዳር ጓደኛን በሞት ማጣት 100 ነጥብ ይዞ ከሁሉ በላይ ሲቀመጥ፣ ቤት መቀየር የተሰጠው 20 ነጥብ ብቻ ነው። ይህን ያየ ሰው ዝውውር ቀላል ነገር ነው ሊል ይችላል። እኔ ግን በዚያ ዓመት በቤታችን የሆነውን ከዝርዝሩ ላይ አንድ በአንድ ስመለከት፣ ቤት መቀየር 20፣ ትምህርት ቤት መቀየር 20፣ የኑሮ ሁኔታ መለወጥ 25፣ የትዳር ጓደኛ ሥራ ማቆም 26፣ በሥራ ላይ የኃላፊነት ለውጥ 29፣ የገቢ ሁኔታ መለወጥ 38 ሆኖ አገኘሁት፤ ድምሩ 158 ነው። ሐኪሞቹ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ150 በላይ የተጠራቀመበት ሰው የመታመም ዕድሉ ከፍ እንደሚል አስጠንቅቀዋል። ሰንጠረዡ ያረጀ ነው፣ የሁሉንም ሰው ጠባይ በአንድ ሚዛን መለካቱም ያስነቅፈዋል፤ ቢሆንም አንድ እውነት በደንብ ያሳያል። ከስድስቱ ነገሮች አንዱም ለብቻው ሰው የሚጥል አይደለም። አንዱን ሳንለምደው ሌላው ስለተደረበብን ነው እኔና ባለቤቴ፣ ክፉ ቃል ተለዋውጠን የማናውቅ ሰዎች፣ ስለ አንድ የጠፋ የካርቶን መቁረጫ እስከ እኩለ ሌሊት የተጨቃጨቅነው።

ስለ ልጆቹ ስጽፍ ግን እጄ ይከብደኛል። የሥራ መጀመሪያ ቀኔ የተቆረጠው የትምህርት ዘመኑ ሳያልቅ ነበር። ትምህርት እስኪዘጋ ድረስ ሁለት ወር ተኩል ብቻ ይቀር ስለነበር ቀኑ እንዲገፋልኝ በጽሑፍ ጠየቅሁ፤ «የሥራው ባሕርይ አይፈቅድም» የሚል መልስ ተሰጠኝ። ሥራውን ስጀምር እንዳየሁት፣ የመጀመሪያውን ወር ተኩል ያሳለፍኩት መመሪያ በማንበብና ገና ያልተሟላ ቡድን በመጠበቅ ነው። ልጄ ግን ወንበሩ ሁሉ ባለቤት ወዳለው፣ ማን ከማን ጋር እንደሚጫወት ከተለየ ወራት ወዳለፈው ክፍል ገባች። ከቀድሞው ትምህርት ቤቷ ያመጣችው እስከ ግማሹ የተጻፈበት ደብተር ነበራት፤ አዲሷ መምህርቷ ለሁሉም ትምህርት አዲስ ደብተር እንድታዘጋጅ አዘዘች፤ አዘጋጀንላት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቦርሳዋን ሳስተካክል አሮጌውን ደብተር ከሥር አገኘሁት። በክፍል የተማረችውን ማታ ማታ ወደ እሱ ትገለብጠው ነበር። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት፣ «ስንመለስ መምህሬ የት ደረስሽ ብትለኝ እንዳሳያት» አለችኝ። እንደማንመለስ ማንም አልነገራትም ነበር። እኛ «አዲስ ቤት፣ ትልቅ ግቢ» እያልን ስናባብላት፣ እሷ ነገሩን እንደ ረጅም ጉዞ ነበር የተረዳችው።

ትንሹ ልጅ መናገር ስለማይችል በሌላ መንገድ ተናገረ። ሌሊቱን ሙሉ መተኛት ጀምሮ የነበረው ልጅ በየሁለት ሰዓቱ እየነቃ ያለቅስ፣ ቀን ላይም ከአባቱ እቅፍ አልወርድ ይል ጀመር። የሕፃናት ሐኪሟ ባለቤቴን ካዳመጠች በኋላ የጠየቀችው ጥያቄ አንድ ነበር፤ «ሲተኛ የሚይዘው ነገር የት አለ?» አለችው። ሲተኛ የሚይዛት ትንሽ ሰማያዊ ብርድ ልብስ ነበረችው፤ አሮጌ ስለሆነች በሌላ እንተካታለን ብለን ስንነሣ ጥለናት መጥተናል። ለሚዛወር ወላጅ ሁሉ ከምሰጠው ምክር የመጀመሪያው ይህ ነው፤ የልጁ መኝታ ዕቃ መጨረሻ ላይ ይታሰር፣ መጀመሪያ ላይ ይፈታ፣ አይታጠብ፣ አይተካ። ቤቱ ሁሉ ቢለወጥበት የሚያውቀው ሽታ አብሮት ይሁን።

መዛወር ራሱ ልጅን ይጎዳል ብዬ ግን አልደመድምም፤ ማስረጃውም እንዲህ አይልም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 1998 ድረስ በአምስት ከተሞች 4,600 ያህል ድሃ ቤተሰቦች በዕጣ ተለይተው፣ ከፊሎቹ ድህነት ወደቀነሰባቸው ሠፈሮች እንዲዛወሩ የኪራይ ድጋፍ ተሰጥቷቸው ነበር። ራጅ ቼቲ፣ ናትናኤል ሄንድረንና ሎውረንስ ካትዝ እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት፣ 13 ዓመት ሳይሞላቸው በዚህ ድጋፍ የተዛወሩት ልጆች በሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ላይ ገቢያቸው ካልተዛወሩት 31 በመቶ ያህል በልጦ ተገኝቷል። ከ13 ዓመት በኋላ የተዛወሩት ግን ጥቅሙን አላገኙም፤ እንዲያውም በጥቂቱ የተጎዱ ይመስላል። በዚያው ዓመት በዴንማርክ እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1997 የተወለዱ ከ1.4 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን መዝገብ ያገላበጠ ጥናትም፣ በልጅነት ደጋግሞ ከቦታ ወደ ቦታ መዛወር በኋለኛው ዕድሜ ከአእምሮ ሕመምና ከሌሎች ችግሮች ጋር ተያይዞ እንደሚገኝ፣ ይህም ከ12 እስከ 14 ዓመት ባለው ዕድሜ ላይ በተዛወሩት ዘንድ እንደሚበረታ አሳይቷል። ሁለቱ ጥናቶች የተለያዩ ነገሮችን ነው የለኩት፤ የመጀመሪያዎቹ ቤተሰቦች ከመጥፎ ሠፈር የወጡ ናቸው እንጂ ሥራ ተከትለው የሄዱ አይደሉም። ሆኖም አብረው ሲነበቡ፣ ለልጅ የሚወስነው ወዴት እንደሄደ፣ በስንት ዓመቱ እንደሄደና ስንት ጊዜ እንደተነቀለ መሆኑን እረዳለሁ። የቀጣሪ ደብዳቤ ከእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች አንዱንም አይጠይቅም።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር፤ ይህኛው በብዙ ቤት ሳይነገር የሚቀር ነው። በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ጄፍሪ ሆል እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ በቅርቡ መኖሪያቸውን የቀየሩ ጎልማሶችን ጠይቀው፣ ሁለት ሰዎች ከመተዋወቅ አልፈው እንዲቀራረቡ 50 ሰዓት ያህል፣ ወዳጅ ለመባል 90 ሰዓት ያህል፣ የልብ ወዳጅ ለመሆን ደግሞ ከ200 ሰዓት በላይ አብሮ ማሳለፍ እንደሚያስፈልግ ገምተዋል። እኔ በሳምንት 40 ሰዓት ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር እውላለሁ፤ በ5 ሳምንት 200 ሰዓት ሞላኝ ማለት ነው። አብሮ መሥራት ብቻውን ወዳጅነት እንደማያፈራ ባውቅም፣ ስገባ «እንደምን አደርሽ» የሚለኝ፣ ስቀር «ምን ሆና ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ነበረኝ። ባለቤቴ ግን ከልጁ ጋር ወደ መጫወቻ ሜዳ ሲወጣ፣ አንድ ሌላ አባት በሳምንት ሁለት ቀን ለግማሽ ግማሽ ሰዓት ያገኝ ነበር። በዚህ አካሄድ የመጀመሪያው 50 ሰዓት የሚሞላው በ50 ሳምንት፣ ዓመት ሊሞላ ሲቃረብ ነው። ማታ ደክሞኝ ስገባ የቀኑን ሁሉ ወሬ አጠራቅሞ ይጠብቀኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሳወራ ስለዋልኩ ዝምታ እፈልግ ነበር። ባይተዋርነት ሰውን ዝም እንደሚያሰኝ ሁሉ አብዝቶም እንደሚያናግር የተማርኩት ያኔ ነው። በኋላ ላይ ቅዳሜን ሙሉ ለእሱ ነፃ አደረግንለት፤ ልጆቹን እኔ ይዤ እዋላለሁ፣ እሱ መምህራን ከሚሰበሰቡበት የንባብ ክበብ ይሄዳል። ሥራ ያገኘውም በማስታወቂያ አይደለም፤ ከዚያ ክበብ የተዋወቀው ሰው ጠቁሞት ነው። ይህን ቅዳሜ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምረን ብንሰጠው ኖሮ እያልኩ አሁንም እቆጫለሁ።

ስለ ወረቀቶችም ጥቂት ልበል። የትንሹ ልጅ የክትባት ካርድ «ልዩ ልዩ» የሚል በተጻፈበት ካርቶን ውስጥ ተቀብሮ ለሦስት ሳምንት አጣነው፤ በዚያ መካከል ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባቱ ደረሰ። የዓለም የጤና ድርጅት ሕፃናት ኩፍኝን የሚከላከሉ ሁለት ክትባቶች እንዲያገኙ ይመክራል፤ ሁለተኛው ከ15 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ የሚሰጥ ነው። ጤና ባለሙያዋ ያለ ካርዱ የትኛውን እንደወሰደ እርግጠኛ መሆን አልቻለችም። የክትባት ካርድ፣ የልደት ማስረጃ፣ የትምህርት ቤት መሸኛና ውጤት፣ የሕክምና ማስረጃና የባለቤቴ የሥራ ልምድ ደብዳቤ በአንድ ማኅደር ሆነው ከእጃችን ሳይለዩ መሄድ ነበረባቸው። በተለይ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ከከተማው ሳይወጡ ማስጻፍ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ከሄዱ በኋላ ግን ወራት ይወስዳል።

አንዱ ቀድሞ ቢሄድስ የሚሉኝ አሉ። ትምህርት እስኪዘጋ፣ ቤት እስኪገኝ ድረስ፣ የሚያበቃበት ቀን ተቆርጦ ከሆነ መልካም ነው እላለሁ፤ እኛም እንዲያ ማድረግ ነበረብን። ቀን ያልተቆረጠለት መለያየት ግን አንዱን ወላጅ በስልክ የሚታይ እንግዳ፣ ሌላውን ለሁለት የሚደክም ሰው ያደርጋል።

አሁን ወደ ቀጣሪዎች ልመለስ። የምጠይቀው ነገር አዲስ አይደለም። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 የቤተሰብ ኃላፊነት ስላለባቸው ሠራተኞች ያጸደቀው 165ኛው ምክረ ሐሳብ፣ ሠራተኛ ከአንድ አካባቢ ወደ ሌላ ሲዛወር የቤተሰብ ኃላፊነቱ፣ በተለይም የትዳር ጓደኛው የሚሠራበት ቦታና ልጆቹን የማስተማር ዕድሉ ከግምት ውስጥ ሊገባ እንደሚገባ ይገልጻል። ምክረ ሐሳብ እንደመሆኑ ማንንም አያስገድድም፤ ከጸደቀ ግን ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል። በተግባር ሲተረጎም የሚጠይቀውም ብዙ ገንዘብ አይደለም። ለመልስ የሚሰጠው ጊዜ ከ7 ቀን ወደ አንድ ወር ቢረዝም፣ ሥራው ነፍስ አድን ካልሆነ በቀር የመጀመሪያው ቀን ከትምህርት ዘመን መዝጊያ ጋር ቢጣጣም፣ ከውሉ በፊት ሁለቱም የትዳር ጓደኞች ከተማውን አብረው እንዲያዩ የአንድ ጉዞ ወጪ ቢሸፈን፣ ተከትሎ ለሚመጣው የትዳር ጓደኛ ድርጅቱ በሚያውቃቸው ተቋማት ዘንድ አንድ የማስተዋወቂያ ደብዳቤ ቢጻፍለት፣ ብዙ ቤት ይተርፋል። ድርጅቱም ይጠቀማል። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ጊዜ የመልቀቂያ ደብዳቤ ጽፌ ቀድጃለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ምክንያቱ ሥራው አልነበረም፣ ቤቴ ነበር። በእኔ ቦታ ሌላ ሰው ለመፈለግና ለማሠልጠን ይወጣ የነበረው፣ ያን የአንድ ጉዞ ወጪ ብዙ ጊዜ ያጥፈዋል።

ከጋዜጣችሁም የምለምነው አለኝ። «ተዛውሮ ለመሥራት ፈቃደኛ የሆነ/ች» የሚል ማስታወቂያ የሚያወጡ ድርጅቶች፣ ከዚያችው መስመር ሥር ለቤተሰብ የሚሰጡትን ድጋፍ፣ የሥራ መጀመሪያ ቀኑ ሊገፋ መቻል አለመቻሉንና የመልስ ጊዜውን በግልጽ እንዲጽፉ ብትጠይቋቸው፣ አመልካቹ ማስታወቂያውን ይዞ ወደ ቤቱ ሲገባ ለመነጋገር የሚያበቃው ነገር ይዞ ይገባል።

ባለፈው ሰኞ መሥሪያ ቤቴ ሌላ የዝውውር ጥያቄ አቅርቦልኛል፤ መልስ እስከ ዓርብ ይፈለጋል። ልጄ አሁን 9 ዓመቷ ነው፣ ወንድሟ 4 ሞልቶታል፣ ባለቤቴም ማስተማር ከጀመረ ሁለተኛ ዓመቱን ሊጨርስ ነው። በዚህ ጊዜ ደብዳቤውን ለባለቤቴ አላነበብኩለትም፤ ራሱ እንዲያነበው ሰጠሁትና ሳልናገር ተቀመጥኩ። ደግሞ ደጋግሞ ካነበበው በኋላ፣ «እዚያ የሚቀጥረኝ ትምህርት ቤት መኖሩን ሳላውቅ እሺ አልልሽም» አለኝ። ልጃችን ደግሞ ሰምታን ኖሮ ከመኝታ ክፍሏ ወጥታ፣ «ትምህርት ሳይዘጋ ነው ወይስ ከተዘጋ በኋላ?» ስትል ጠየቀችን። በማግስቱ ለሰው ሀብት ክፍሉ፣ የመልሱ ቀን በአንድ ወር እንዲራዘምልኝና ዝውውሩም ቢሆን ትምህርት ከተዘጋ በኋላ እንዲሆን ጠይቄ ሁለቱን ጥያቄዎች በደብዳቤው ላይ እንዳሉ አሰፈርኳቸው። ይህን እስከምጽፍልዎ ድረስ መልስ አልደረሰኝም።

ከማክበር ሰላምታ ጋር፣
የሁለት ልጆች እናት